ትሰብካለች፣ ቁርባኑን ግን አትባርክም

ጥያቄ፦ አሜሪካ አብራኝ የምትሠራ ሞርሞን ጓደኛዬ እሁድ መድረክ ላይ ወጥታ እንደሰበከች ነገረችኝ። ታዲያ ሴቶቻቸው ክህነት የላቸውም የሚባለው ሐሰት ነው?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። ሞርሞኖች በአጥቢያቸው ደመወዝተኛ ሰባኪ የላቸውም፤ በየእሁዱ የሚናገሩት ምእመናኑ ራሳቸው ናቸው፣ ሴት ወንድ ሳይባል። የቁርባኑን ዳቦና ውሃ በክህነት ባርከው የሚያድሉት ግን ወንዶች ብቻ ናቸው። የ12 ዓመት ልጅ ሲያድል እናቱ ተቀምጣ ትቀበላለች፤ ለእኔ ልዩነቱን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። የአጥቢያው ኤጲስ ቆጶስም ወንድ ነው። በ1842 የተመሠረተውን የሴቶች መረዳጃ ማኅበር ሴቶች ቢመሩትም፣ የአጥቢያዋን ፕሬዚዳንት የሚጠራት እሱው ነው።

ሥርዓቱ ግን አልተለወጠም ማለት አይደለም (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። ከ1967 እስከ 1978 ሴት በእሁዱ ዋና ጉባኤ ጸሎት እንዳታደርስ ተከልክላ ነበር። በመላው ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ ሴት የጸለየችው ገና በ2013 ነው፤ ከ2019 ወዲህ ደግሞ ሴቶች ለጥምቀት ምስክር ይሆናሉ። ክህነት ይገባናል የሚል ንቅናቄ የመሠረተችው ኬት ኬሊ በ2014 ተወግዛለች።

ጓደኛዎን «ተጨቁነሻል» ብለው ወግ አይጀምሩ፤ በሥርዓቱ የረኩ ብዙ ሴቶች አሉ። ይልቅ ስለ ቤተ መቅደሱ ይጠይቋት፤ እዚያ ለሴቶች የሚደረገውን አንዳንድ ሥርዓት የሚፈጽሙት ሴቶች ናቸው።