ተነቅሎ የተጣለ ቁልቋልን ለይቶ ማወቅና መንከባከብ

መንገድ ሲሰፋ፥ አጥር ሲፈርስ፥ ወይም አሮጌ ቤት ለአዲስ ሕንፃ ቦታ ሲለቅ፥ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚነቀለው እሾኻሙ ተክል ነው። ሌላው አትክልት በአንድ ቀን በሚጠወልግበት ፀሐይ እርሱ ቶሎ አይሞትም፤ ውሃውን በግንዱ አከማችቶ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አንሥቶ ሊያድነው የሚወድ ሰው መቸኰል አያስፈልገውም። ጀማሪ አትክልተኛ ግን እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ያገኘው ተክል ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባዋል።

አንደኛ፤ ስለ መለየት። «ቁልቋል» የሚለው ስም ሁለት የማይዛመዱ ወገኖችን አጣምሮ ይጠራል። አንደኛው የአፍሪቃ ተወላጅ የሆነው ዛፍ መሰሉ ቁልቋል ነው። ቅርንጫፎቹ እንደ መቅረዝ ወደ ላይ የቆሙ ናቸው፤ እሾሁ በቅርንጫፉ ጠርዝ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ ሲቈረጥም ነጭ ወተት ያፈሳል። ሁለተኛው ካክተስ የሚባለው ወገን ሲሆን፥ ከአንድ ዝርያ በቀር ትውልድ አገሩ የአሜሪካ ክፍለ ዓለም ብቻ ነው። በትግራይና በኤርትራ ደጋ የሚበላው በለስ ከዚህ ወገን ነው፤ መነሻውም ሜክሲኮ ነው። የካክተስ ዋና ምልክቱ በገላው ላይ ተራርቀው የሚታዩት፥ እንደ ትንሽ ትራስ ያበጡ ነጥቦች ናቸው፤ እሾሁም አበባውም ከእነርሱ ይወጣል። ጥቂት ካክተሶችም ወተት ስላላቸው፥ ከወተቱ ይልቅ ነጥቡን መመርመር ይሻላል። እሬት ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ ወፍራም ቅጠሎቹ ከአንድ ሥፍራ ዙሪያውን ስለሚወጡ በቀላሉ ይታወቃል።

ይህ ልዩነት የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቁልቋል ወተት ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ቢገባ ብርቱ ሕመም ያመጣል፥ ለጊዜውም ማየት ሊከለክል ይችላል። ስለዚህ የሚቈርጠው ሰው ጓንትና መነጽር ያድርግ፤ ልጆችንም ያርቅ። ወተቱ ዓይን ከነካ ሳይታሽ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ታጥቦ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። የበለስ አደጋ ደግሞ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን እሾሆች ናቸው፤ በታጠፈ ወፍራም ወረቀት ወይም በቆዳ ይያዝ፥ የተሰካውም በወረንጦ ይነቀል።

ሁለተኛ፤ ስለ ማዘጋጀት። የበሰበሰውን ክፍል በንጹሕ ቢላዋ፥ ጤናማው አረንጓዴ ገላ እስኪታይ ድረስ ቈርጦ መጣል ነው። ቢላዋውም በየቈረጣው በአልኮል ይጠረግ። ከዚህ በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅና ጠባሳ እስኪያወጣ ድረስ፥ ተክሉ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። እርጥብ ቁስል አፈር ውስጥ ከገባ መበስበስ ይጀምራል፤ ብዙ ጀማሪ ተክሉን የሚያጣው በዚህ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ መትከል። እኩል በእኩል የተደባለቀ የአትክልት አፈርና ሻካራ አሸዋ ይበቃል። ዕቃው ጣሳም ቢሆን ግድ የለም፥ ከሥሩ ግን መበሳት አለበት። የበለስ ጠፍጣፋ ግንድ ሢሶው ያህል ተቀብሮ ይቁም።

አራተኛ፤ ስለ ውሃና ፀሐይ። ካክተስ ቀን የገላውን ቀዳዳዎች ዘግቶ ሌሊት ስለሚከፍት ከሌላው ተክል ያነሰ ውሃ ያባክናል። ስለዚህ በተተከለ በመጀመሪያው ሳምንት አይጠጣ። ከዚያ በኋላ አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ በደንብ ይጠጣ። በክረምት ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ማኖር መልካም ነው። በጥላ የሰነበተውን ተክል ወደ ፀሐይ ሲያወጡት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያለማምዱት፤ አለዚያ ገላው ይቃጠላል።

አምስተኛ፤ ስለ ተባይ። በበለስ ገላ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ቢታይ በእንጨት ይጨፍለቅ፤ ቀይ ቀለም ከወጣ ኮቺኒል የተባለው ነፍሳት ነው። ይህ ነፍሳት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቀለም ምርት ሲባል ወደ ትግራይ ገባ። ከቍጥጥር ውጭ ተሠራጭቶም ለሰው ምግብ፥ ለከብት መኖ የሚሆነውን በለስ በብዙ ሥፍራ አደረቀ። ስለዚህ በብዛት የተወረረውን ተክል ከቦታው ማንቀሳቀስ አይገባም፤ እዚያው ይቀበር። ጤናማ የሚመስለውም ቢሆን አንድ ወር ያህል ከሌሎች ተለይቶ ይታይ።

በመጨረሻም፥ የተረፈውን ቍራጭ በሜዳ መጣል አይገባም፤ አንድ ቍራጭ ብቻውን ሥር ሰድዶ ይበቅላልና። በኬንያ በላይኪፒያ አውራጃ ከውጭ የገባ አንድ የበለስ ዝርያ የግጦሹን መሬት ወርሮ፥ እሾሁ ከብቶችን እስከ መጉዳት ደርሷል። ከተራራ ላይ በሰላም የቆመውን ነቅሎ መውሰድም ማዳን ሊባል አይችልም። የወደቀውን ለይቶ የሚያነሣ፥ ቁስሉን የሚያደርቅ፥ ውሃውን የሚቈጥብና ተባዩን የሚመረምር ሰው ግን፥ በጥቂት ድካም ለብዙ ዓመት የሚቆይ ተክል ያገኛል፤ የጎረቤቱንም በለስ ከጥፋት ይጠብቃል።