ደንቡ የት አለ? የትምህርት ቤት ሠራተኞች የደረጃ እድገት ክርክርና የእኛ ድርሻ

መግቢያ

በሐዋሳ ከታቦር እስከ ቱላ ባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ጎራ ያለ ሰው «እሱ አለፈ፣ እኔ ቀረሁ» የሚል ወሬ መስማቱ አይቀርም። ነገሩ ከውጭ ሲያዩት የጥቂት ብር ጭቅጭቅ ይመስላል። ግን የመምህር ደመወዝ ከደረጃው ጋር የተያያዘ ነው። ዘንድሮ አንድ ደረጃ የቀረበት ሰው የሚቀጥለውም ደረጃ አብሮ ይዘገይበታል። ጡረታም የሚሰላው በመጨረሻዎቹ የአገልግሎት ዓመታት ደመወዝ ላይ ተመስርቶ ስለሆነ መዘግየቱ እስከ እርጅና ሊከተለው ይችላል።

ውድ አንባብያን፣ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው። በደረጃ እድገት ክርክር «ማን ይገባው ነበር?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ደንቡ የትኛው ነው? ተከራካሪውስ አይቶታል ወይ?» የሚለው ይቀድማል።

እድገት ሲባል አንድ ዓይነት አይደለም

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መምህራን የሙያ እድገት መሰላል እንዲኖራቸው አስቦ ነበር። ከዚያ በኋላ የተዘረጋው መሰላል ጀማሪ መምህር ብሎ ይጀምርና መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ይወጣል። እዚህ ላይ መምህሩ የሥራ ቦታ አይቀይርም፤ ያው ክፍል ገብቶ ያስተምራል። ከፍ የሚለው የአገልግሎት ዘመኑና የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ተይዞ ነው። ስለዚህ ክርክሩ «ዓመቴ በትክክል አልተቆጠረም» ወይም «ውጤቴ ያለ አግባብ ዝቅ ተደርጓል» የሚል ይሆናል።

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ወይም ሒሳብ ሠራተኛ ግን ከፍ የሚለው ክፍት የሥራ መደብ ሲገኝና ተወዳድሮ ሲያሸንፍ ነው። የእሱ ክርክር ስለ ማስታወቂያው፣ ስለ ነጥብ አሰጣጡና ስለ ኮሚቴው ነው። የርዕሰ መምህርነት ቦታ ደግሞ «ውድድር ነው ወይስ ምደባ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ሦስቱን አንድ ላይ ደባልቆ መዘገብ አንባቢን ያሳስታል።

የትኛው ሕግ?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ክልሎች ስለ ሠራተኞቻቸው አስተዳደርና የሥራ ሁኔታ ሕግ እንዲያወጡ ሥልጣን ይሰጣል። ነገር ግን ለአንድ የሥራ መደብ የሚጠየቀው ትምህርት፣ ሥልጠናና ልምድ ከአገር አቀፍ መለኪያ ጋር የተቀራረበ እንዲሆን ያስገድዳል። ከዚህ በመነሳት የሐዋሳ መምህር ጉዳይ በዋናነት የሚታየው በክልል ሕግ ነው ማለት ነው።

ሐዋሳ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ነበረች፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ሃያ ዓመት ያገለገለ መምህር የግል ማኅደሩ ውስጥ የሁለቱም ዘመን ወረቀት አለ። በፌዴራል ደረጃም ቢሆን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 262/1994 በ515/1999፣ እሱም በ1064/2010 ተተክቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ አዲስ አዋጅ ጸድቋል። እናም «ሕጉ እንዲህ ይላል» ከመባሉ በፊት «በየትኛው ቀን የጸናው ሕግ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

አቤቱታው በየት በኩል ይሄዳል?

ብዙ ሰው «ፍርድ ቤት እገትራቸዋለሁ» ይላል። መንገዱ ግን እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም። ቅሬታ መጀመሪያ የሚታየው በመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ነው። አዋጅ 515/1999 ቅሬታ ከሚቀርብባቸው ጉዳዮች መካከል የደረጃ እድገትንና የሥራ አፈጻጸም ምዘናን ጠቅሶ ነበር። ቀጥሎ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አለ። ስሙ ፍርድ ቤት ይሁን እንጂ ከመደበኞቹ ፍርድ ቤቶች ተራ አይቆጠርም፤ የሚያያቸውን ጉዳዮችም ሕጉ ይዘረዝራል። ይህን መንገድ ዘሎ መደበኛ ፍርድ ቤት የገባ ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 244 መሠረት «ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም» የሚል መቃወሚያ ሊገጥመው ይችላል። መቃወሚያው ከጸና «እድገቱ ይገባታል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሳይነካ መዝገቡ ይዘጋል። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበት የመጨረሻ ውሳኔ ደግሞ በአንቀጽ 80 መሠረት እስከ ሰበር ሊደርስ ይችላል።

ያልታየ ደንብ

ለምሳሌ ያህል አንዲት መምህርት «የምዘና ውጤትሽ አልሞላም» ተባለች እንበል። የትኛው መመዘኛ እንደጎደላት አልተነገራትም፤ የተሞላውንም ቅጽ አላየችም። አቤቱታዋ ላይ «ተበድያለሁ» ብቻ ብትል ሰሚው የሚይዘው ነገር የለም። «ቅጹ ሳይነገረኝና ሳልፈርምበት ጸድቋል፤ ይህም ከመመሪያው ጋር ይቃረናል» ብትል ግን የሕግ ጥያቄ አነሳች። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ! ችግሩ መመሪያው እጇ ላይ ከሌለ ይህን ልትጽፍ አትችልም።

የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጡት የመምህራን ምክረ ሐሳብ እድገት ከመምህራን ማኅበራት ጋር ተመክሮበት በወጣ ሙያዊ መስፈርት እንዲሰጥ፣ ምዘናው ለመምህሩ እንዲገለጽና ይግባኝ እንዲኖረው ያሳስባል። በአገራችንም የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 መመሪያ ተመዝግቦ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ይደነግጋል። ይህ አዋጅ ግን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን እንጂ የክልል ቢሮን አይገዛም። ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ፕሬስ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድል እንዳለው ይናገራል። እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ዘገባ ስንሠራ ቢያንስ አራት ነገር እንጠይቅ፦

1. ክርክሩ ስለ ደረጃ መሰላል ነው፣ ስለ ክፍት መደብ ውድድር ወይስ ስለ ምደባ?
2. ኃላፊው «በመመሪያው መሠረት» ካለ ቁጥሩና ቀኑ ስንት ነው? ወይስ ሰርኩላር ብቻ ነው?
3. ጉዳዩ የት ደርሷል? ቅሬታ ሰሚ፣ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ወይስ መደበኛ ፍርድ ቤት?
4. መልሱ «በጀት የለም» ከሆነ እድገቱ ተከልክሏል ወይስ ተላልፏል? ውዝፉስ ይከፈላል?

የመምህሩን ብሶት ብቻ ይዞ መሮጥ ልክ አይደለም። የእድገት ኮሚቴ አባላትም እኮ መምህራን ናቸው፤ ያላወጡትን ደንብ አስፈጽሙ የተባሉበት ጊዜ ሊኖር ይችላል።

ማጠቃለያ

የደረጃ እድገት ክርክር ሁሉ ፍርድ ቤት መድረስ የለበትም። ደንቡ በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ የምዘና ቅጹም ለባለቤቱ ታይቶ ቢፈረምበት ብዙው ቅሬታ እዚያው ያልቃል። ያላለፈውም ቢሆን ለምን እንዳላለፈ ያውቃል። እኛም ለልምምድ ስንወጣ ድምፅ መቅጃ ከማብራታችን በፊት «እስቲ መመሪያውን አሳዩን» ማለት እንልመድ።