ስለ ጨዋነት
ዕውቀትና አክብሮት በልጅ ላይ አብረው ስለሚያድጉበት መንገድ

1ኛ፤ የቃሉ ትርጓሜ

ጨዋ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፍች አለው። በአገር ልማድ ጨዋ የሚባለው አነጋገሩ የታረመ፣ ታላቁን የሚያከብር፣ ታናሹን የማይንቅ ሰው ነው፤ ተቃራኒውም ባለጌ ይባላል። በቤተ ክህነት አነጋገር ግን ጨዋ ማለት ከትምህርት ገበታ ያልቀረበ፣ ዜማና ቅኔ ያልተማረ ምእመን ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ቃል በአንድ ወገን የምስጋና፣ በሌላው ወገን የጉድለት ስም ሆኖ ይገኛል።

ከዚህም አንድ ቁም ነገር ይገኛል፤ ይኸውም ዕውቀትና ጠባይ ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ፊደል ሳይቈጥር ጨዋ የሆነ ገበሬ በየአገሩ ሞልቷል፤ ብዙ መጻሕፍት አንብቦ ባለጌ ሆኖ የቀረ ሰውም አይጠፋም። እንግዲህ የመንደር ትምህርት ቤት ሥራ ሁለቱን ማጋባት ነው፤ ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ጨዋነት ሳያፈርስ ዕውቀትን ይጨምርበት ዘንድ ይገባልና። ይህ ያልሆነ እንደ ሆነ ወላጆች በትምህርት ላይ ያላቸው እምነት ይቀንሳል፤ እምነቱም ሲቀንስ ልጁ ደብተሩን ትቶ ወደ ከብት ጥበቃው ይመለሳል።

2ኛ፤ ሰላምታ

ሰላምታ የጨዋነት በር ነው። በገጠር መንገድ የተገናኙ ሰዎች «እንዴት አደሩ» ተባብለው ብቻ አይለያዩም፤ ስለ ቤተ ሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው ይጠያየቃሉ፤ ለያንዳንዱም ጥያቄ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ ይሰጣል። ችኩል ሰው ይህን ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ቤት የታመመ መኖሩ፣ በሬው መጥፋቱ፣ እህሉ አለመድረሱ የሚታወቀው በዚሁ ጥያቄ ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ ቶሎ የሚደርሰውም በሰላምታ ጊዜ በሰማው ነገር ነው።

እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ የተቀመጡት ከመቀመጫቸው ብድግ እያሉ «ኖር» ይላሉ፤ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣቸዋል። በዚህ አጭር ልማድ የጨዋነት ምሥጢር ሁሉ ይገኛል። የተቀመጠው ቦታውን ለመልቀቅ ይነሣል፤ የመጣውም ቦታውን አልወስድም ብሎ ይመልስለታል። ክብር ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል እንጂ በአንድ ሰው እጅ አይቀርም። እንዲሁም ልጅ ከታላቁ ዕቃ ሲቀበል በሁለት እጁ መቀበሉ፣ ሲጨብጥም ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ ጐንበስ ማለቱ፣ ሁለንተናው ወደዚያ ሰው መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው።

3ኛ፤ አንተና እርስዎ

የግዕዝ ቋንቋ የአክብሮት ተውላጠ ስም የለውም፤ ንጉሡም እረኛውም «አንተ» ይባላሉ። አማርኛ ግን አንተና አንቺን ለባልንጀራና ለታናሽ ትቶ፣ ለታላቅ እርስዎ ወይም አንቱ የሚል ቃል አለው። ስለዚህም የተከበረ ሰው «አንቱ የተባለ» ይባላል። ሆኖም «አንተ» የሚለው ቃል በራሱ ስድብ አይደለም፤ በአማርኛ ጸሎት እግዚአብሔር እንኳ የሚጠራው «አንተ» እየተባለ ነውና። እናት ልጇን «አንተ» ስትለው ፍቅር ነው፤ ጓደኛም ጓደኛውን ሲለው ወዳጅነት ነው። የማያውቁትን ሽማግሌ «አንተ» ማለት ግን ነውር ይሆናል። እንግዲህ ጨዋነት ቃሉን ማወቅ ብቻ ሳይሆን የቃሉን ቦታ ማወቅ ነው።

ልጅ ታላቁን በባዶ ስሙ አይጠራም። አባባ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ እትዬ እያለ ይጠራል፤ የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪም መምህሩን «የኔታ» ይላል። እነዚህ ስሞች ባዕዱን ሰው ዘመድ ያደርጉታል። «እማማ» የተባለች ሴት ልጁን እንደ ልጇ ልትቈጥረው ትገደዳለች፤ ቢወድቅ ታነሣዋለች፤ ቢያጠፋም ትገሥጸዋለች። የማክበሪያ ስም ከዘመን ወደ ዘመን እየሰፋ ሊሄድም ይችላል። «ወይዘሮ» የሚለው ስም ቀድሞ ለመሳፍንትና ለመኳንንት ወገን ሴቶች የሚሰጥ ነበረ፤ ዛሬ ግን ያገባች ሴት ሁሉ ትጠራበታለች። ስሙ በመስፋቱ ክብሩ አልጠፋም፤ ባለቤቱ በዛ እንጂ።

4ኛ፤ ማዕድ

በማዕድ ጊዜ እጅ የሚታጠበው ከታላቅ ተጀምሮ ነው። ውሃ የሚያፈሰው ልጅ ጐንበስ ይላል፤ የሚታጠበውም ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ያመሰግነዋል ወይም ይመርቀዋል። በአንድ መሶብ ዙሪያ የተቀመጡ ሁሉ በቀኝ እጃቸው፣ ከፊት ለፊታቸው ይበላሉ፤ ወደ ሌላው ወገን እጅን መዘርጋት፣ ጣትን መላስ፣ የተነካ እንጀራ መመለስ ነውር ነው። ባለቤት «ብሉልኝ» ይላል፤ እንግዳም በቃኝ ይላል፤ ባለቤትም «በሞቴ» ብሎ ያጐርሳል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባልም ሁለተኛውን ይደግመዋል።

ይሁን እንጂ ይህም ልክ አለው። እንግዳው የጾመ ወይም የታመመ እንደ ሆነ «በሞቴ» እያሉ ማስጨነቅ አክብሮት መሆኑ ይቀራል። ሃይማኖቱ ሌላ የሆነ እንደ ሆነም የእምነቱ ሰው ያላረደውን ሥጋ ማቅረብ አይገባም፤ ክርስቲያኑና እስላሙ አብረው በሚኖሩበት አገር አስተዋይ ባለቤት ለእንግዳው የሚሆነውን ለብቻ ያዘጋጃል። እንግዳ የሚከበረው እርሱ በሚወደው እንጂ ባለቤቱ በወደደው አይደለምና። እንዲሁም ልጆች ከታላላቆች በኋላ በሚበሉበት ቤት፣ ታላላቆች የልጆቹን ድርሻ እያሰቡ መብላት ይገባቸዋል። ልጅ ቆሞ እያስተናገደ መሶቡ ባዶ ሆኖ ቢነሣ፣ ነውሩ የልጁ ሳይሆን የተቀመጡት ሰዎች ነው።

5ኛ፤ ተማሪው ልጅ በሽማግሎች ፊት

የተማረ ልጅ ጨዋነት የሚፈተነው ታላቁ የሳተውን እርሱ ባወቀ ጊዜ ነው። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ነገር ይታሰብ። የዕድር ገንዘብ በሚቈጠርበት ቀን 27 አባሎች እያንዳንዳቸው 15 ብር አዋጥተዋል። ገንዘቡን የያዙት ሽማግሌ «ጠቅላላው 395 ብር ነው» ብለው ይናገራሉ። ከአባቱ አጠገብ የተቀመጠው ተማሪ ግን 27 በ15 ሲባዛ 405 መሆኑን ያውቃል።

ልጁ ወዲያው «ተሳስተሃል፤ 10 ብር ጐድሏል» ብሎ ቢናገር ሒሳቡ እውነት ነው። ነገር ግን በጉባኤ ፊት ስለ ገንዘብ ጉድለት የተነገረ ቃል እንደ ሌብነት ክስ ሆኖ ይሰማል። ሽማግሌው ያፍራሉ፤ አባትም በልጁ ፈንታ ይዋረዳል፤ የተሰበሰበውም ሰው «ትምህርት ቤት ልጆቻችንን አባለገብን» ይላል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ቃሉን መመለስ አይቻልም።

ልጁ ፈርቶ ዝም ቢል ደግሞ ይህም ጨዋነት አይደለም። ስሕተቱ ሳይታረም ቢቀርና በኋላ ቢገለጥ ሽማግሌው በእውነት ይጠረጠራሉ። ስለዚህ የልጁ ዝምታ ለሐሜት አሳልፎ ሰጣቸው እንጂ አላከበራቸውም። ፍርሃትና አክብሮት በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በፍሬያቸው ግን ይለያያሉ። የፈራ ሰው የሚጠብቀው ራሱን ነው፤ ያከበረ ሰው የሚጠብቀው የሌላውን ክብር ነው።

ሦስተኛው መንገድ ይህ ነው። ልጁ ብድግ ብሎ «አባባ፣ ይፍቀዱልኝ፤ እኔ ሳባዛው 405 መጣብኝ፤ እባክዎ አንድ ጊዜ እንደገና ቢቈጥሩት» ይላል። በዚህ አነጋገር ከእውነቱ አንድ ብር እንኳ አልተቀነሰም፤ ነገር ግን ሽማግሌው ስሕተታቸውን ራሳቸው እንዲያርሙ በር ተከፍቶላቸዋል። ከሽማግሌውም የሚጠበቅ ነገር አለ። «ልጅ ምን ያውቃል» ብለው ቢያሳፍሩት፣ ሁለተኛ እውነት አይነግራቸውም። «ተባረክ ልጄ፤ እስቲ እንየው» ቢሉ ግን በጉባኤው ፊት ክብራቸው ይጨምራል እንጂ አይጐድልም።

6ኛ፤ አክብሮት ወደ ታች ሲወርድ

ለባለሥልጣንና ለሀብታም ማጐንበስ ብዙ ሰው የሚችለው ነገር ነው፤ ጥቅም ያስተምረዋልና። የሰው ጨዋነት በእውነት የሚታወቀው ምንም ሊያደርግለት ወይም ሊያደርግበት የማይችለውን ሰው በሚናገርበት ጊዜ ነው። አባት ሊሆነው የሚችለውን የቀን ሠራተኛ «አንተ» የሚል ጐልማሳ፣ በዳኛ ፊት ምንም ያህል ቢሰግድ ጨዋ አይባልም። ለለማኝ የሚሰጠው ያጣ ሰው እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ያሳልፋል እንጂ አያባርርም፤ እጁ ባዶ ቢሆንም ቃሉ ባዶ መሆን የለበትምና።

በአገሪቱ ለረጅም ዘመን የኖረ አንድ ክፉ ልማድ ቢኖር ባለ እጅን መናቅ ነው። ማረሻ የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ሸማ የሚሠራው ሸማኔ፣ ድስትና ምጣድ የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ በሥራቸው ሲሰደቡ፣ ቡዳ ሲባሉም ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው እየሰደቡ ማዋረድን ከለከሉ። ይሁን እንጂ አዋጅ የሰውን አፍ ቢዘጋ ልቡን የሚያቀናው አስተዳደግ ነው። በሸክላ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ በልቶ፣ ሸማ ለብሶ፣ በማረሻ አርሶ፣ ሠሪዎቹን የሚሰድብ ሰው ያጐረሰውን እጅ እንደ ነከሰ ይቈጠራል። የባለ እጅ ልጅ በትምህርት ቤት ከሌሎች ልጆች ጋራ በአንድ ወንበር መቀመጡ፣ በሥራ አባቱም አለመሰደቡ፣ አስተማሪው በየዕለቱ ሊጠብቀው የሚገባ ነገር ነው።

7ኛ፤ ለአስተማሪ ማሳሰቢያ

በቤቱ ልጅ በታላቁ ፊት ዐይኑን ዝቅ ማድረግን፣ ሳይጠየቅም አለመናገርን ይማራል። በትምህርት ቤት ግን ቀና ብሎ በሚሰማ ድምፅ እንዲመልስ ይፈለጋል። አስተማሪው ይህን ልዩነት ባያስተውል ዝም ያለውን ልጅ ደንቈሮ ነው ይላል፤ ወላጅም ባያስተውል ቀና ብሎ የተናገረውን ልጅ ደፋር ነው ይላል። ስለዚህ አስተማሪው ለልጁ የሁለቱን ቦታ ሥርዐት ለይቶ ሊያስረዳው፣ ለወላጆችም በስብሰባ ቀን ሊገልጥላቸው ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን ልጅ የሚማረው ካየው ነው። ተማሪዎቹ በሰላምታ ሲነሡለት የሚመርቃቸው፣ ተሳስቶ ሲታረም የሚያመሰግን፣ የድኻውን ልጅ በሙሉ ስሙ የሚጠራ አስተማሪ፣ ይህን ትምህርት ጠመኔ ሳያነሣ አስተማረ ማለት ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. «ጨዋ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች ምንድን ነው? ከሁለቱስ ፍች ምን ትምህርት ይገኛል?
2. «አንተ» ማለት ፍቅር የሚሆነው መቼ ነው? ነውር የሚሆነውስ መቼ ነው?
3. የዕድሩን ገንዘብ ስሕተት ያወቀው ልጅ ዝም ማለቱ ስለ ምን አክብሮት አልሆነም?
4. ታላቅ ሰው የታናሹን ክብር የሚጠብቅባቸውን ሦስት ነገሮች ከቤታችሁ ልማድ ጥቀሱ።
5. በመንደራችሁ ያሉ ባለ እጆች የሚሠሩትን ዕቃ ቍጠሩ፤ እነዚህ ዕቃዎች አንድ ቀን ባይኖሩ ቤታችሁ እንዴት እንደሚውል ጻፉ።