ማሽን የዜናን ስሜት ያውቃል ወይ?

ዛሬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ትምህርት ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

«ማሽን ለርኒንግ ፎር ኪድስ» የሚባል ለልጆች የተሠራ ድረ ገጽ አለ። ለማስተማር ኮድ መጻፍ አያስፈልግም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ «ደስ የሚል»፣ «የሚያስከፋ» እና «ገለልተኛ» ብለን ሦስት ሳጥን እንከፍታለን። በየሳጥኑ ምሳሌ የሚሆኑ ዓረፍተ ነገሮች እንጽፋለን። ማሽኑ ከነሱ ይማርና አዲስ ርዕሰ ዜና ስንሰጠው ይመድበዋል፤ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነም በመቶኛ ይነግረናል።

እስቲ ሁለት ርዕሶች እንይ፦ «ምክር ቤቱ በጀቱን አጸደቀ»፣ «ምክር ቤቱ በጀቱን በጥድፊያ አጸደቀ»። ነገሩ ያው አንድ ነው። ግን «በጥድፊያ» የምትለዋ ቃል ስሜቱን ቀየረችው። ማሽኑ እንዲህ ዓይነቱን ከብዙ ርዕሶች መሃል ቶሎ ለመለየት ያግዛል።

ታዲያ ሁሉን ያውቃል ማለት አይደለም። አንደኛ፣ ብርጭቆ የሰበረ ልጅን እናቱ «ጎሽ፣ አበጀህ!» ብትለው ማሽኑ ምስጋና ሊመስለው ይችላል። ሁለተኛ፣ የጎርፍ አደጋ ዜና ያሳዝናል እንጂ ጋዜጠኛው አድልቷል አያሰኝም። ሦስተኛውና ትልቁ ነገር፣ ማሽኑን የምናስተምረው እኛ ነን። የምንደግፈውን ወገን ሁሌ «ደስ የሚል» ውስጥ ከከተትን እሱም እንደኛው ያዳላል።

ኮምፒውተር ባይኖርም በደብተር ሞክሩት። ሦስት ጓደኛሞች ሆናችሁ፣ ሳትተያዩ 10 ርዕሰ ዜናዎችን መድቡ። ከዚያ የትኛዋ ቃል እንዳለያየቻችሁ ፈልጉ። ዜና ስትሰሙም ያቺን ቃል ዝም ብላችሁ አትለፏት።