ያለሁበት ተራራ የት ነው? የሄርሜል ምድርና ሕዝብ



አንዲት እህት ተጨንቃ ስትደውልልን መጀመሪያ የምንጠይቃት «የት ነሽ?» ብለን ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ «ተራራ ላይ ነኝ፤ ዳይዓ ነው ይላሉ» የሚል ነው። ዳይዓ ግን በሊባኖስ ዐረብኛ የገጠር መንደር ማለት እንጂ የቦታ ስም አይደለም። ተራራም በሊባኖስ ሞልቷል። እኔም ሠራተኛ ሳለሁ ሁለት ወር የከረምኩበትን መንደር ስሙን ሳላውቅ ነው የወጣሁት። ስለዚህ ዛሬ ከቤይሩት ርቆ የሚገኝ፣ ሰው የሳሳበት አንድ ተራራማ ወረዳ እንማራለን። ስሙ ሄርሜል ነው። እዚያ የምትሠሩ ያላችሁበትን ታውቁበታላችሁ፤ ሌላ ቦታ ያላችሁም የራሳችሁን ቦታ እንዴት እንደምትለዩ ትማሩበታላችሁ።

ምድሩ

ሊባኖስ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ ሁለት የተራራ ሰንሰለቶች አሏት። አንዱ በምዕራብ በኩል በባሕሩ አጠገብ፣ ሌላው በምሥራቅ በሶርያ ድንበር ነው። በመካከላቸው የበቃዕ ሜዳ አለ። ሄርሜል በዚህ ሜዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በምዕራቡ ተራራ እግር ሥር፣ ከሶርያ ጋር ይዋሰናል። ከቤይሩት ወደ 140 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የተለመደው መንገድ ተራራውን ተሻግሮ በሽቱራና በበዓልቤክ በኩል ወደ ሰሜን ይወጣል።

ሰው ለምን ሳሳ? ዋናው ምክንያት ውኃ ነው። የክረምቱ ደመና ከባሕር ተነሥቶ ሲመጣ ዝናቡንና በረዶውን በምዕራቡ ተራራ ላይ ያራግፋል። ከተራራው ጀርባ ላለው ለሄርሜል የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ኮረብታው ድንጋያማና ገላጣ ነው፤ መንደሮቹም ውኃ ባለበት ይሰበሰባሉ። ከበላዩ ካሉት ተራሮች አንዱ ቁርነት አስ-ሳውዳ በሊባኖስ ከፍተኛው ሲሆን 3,088 ሜትር ይደርሳል። በከፍታው ላይ የእኛን ጽድ የሚመስል ዛፍ ታያላችሁ። እነሱ ሊዛብ ይሉታል፤ በእርግጥም የጽድ ዘመድ ነው።

ደረቁን ምድር የሚያጠጣው የአሲ ወንዝ ነው። ከሄርሜል አጠገብ ከምንጭ ፈልቆ ወደ ሰሜን ይፈስሳል፤ ሶርያን አቋርጦ፣ በቱርክ በአንጾኪያ በኩል አልፎ ባሕር ይገባል። አሲ ማለት እምቢተኛ ማለት ነው፤ ሌሎቹ ወንዞች ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲወርዱ እርሱ ወደ ሰሜን በመሄዱ ነው ይላሉ። ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉት በዚችው በአንጾኪያ ነው። ከምንጩ በላይ በገደሉ ላይ በማር ማሩን ስም የሚጠራ፣ ከዐለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ገዳም አለ።

ሕዝቡ

አብዛኛው የሄርሜል ሰው የሺዓ ሙስሊም ነው። በአቅራቢያው ያሉት አልቃዕና ራስ በዓልቤክ ግን ቤተ ክርስቲያን ያላቸው የክርስቲያን መንደሮች ናቸው። ሰዉ ፍየልና በግ ያረባል፤ በወንዙ ዳር አትክልትና ፍራፍሬ ያለማል፤ ዓሣም ያረባል። በበጋው መጨረሻ ቡርጉል ከእርጎ ጋር አቡክተው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀውና ፈጭተው ኪሽክ ያዘጋጃሉ፤ ለክረምት ሾርባ ይሆናል። እጃችሁ በዚህ ሥራ የደከመ ብዙዎች ናችሁ።

ሥራ ስላነሰ ብዙ ቤተሰብ ወደ ቤይሩት ወርዷል። በሙቀቱ ወራት ግን ወደ ዳይዓ ይመለሳል፤ ሠራተኛዋንም ይዟት ይወጣል። ቦታው የሚጠፋባችሁ በዚህ ጊዜ ነው።

ኑሮው በጎሳ የተያያዘ ነው። እንግዳ ይከበራል፤ ጠብ ሲነሣም እንደ እኛ ደም ማድረቅ በሽማግሌ ይታረቃሉ። ይህን ማወቅ ለሁለት ነገር ይጠቅማችኋል። አንደኛ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የአሠሪሽ ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ ለጎረቤት የነገርሽው ካንቺ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ሁለተኛ፣ በቤተሰቡ ዘንድ የምትከበር አያት ወይም አክስት ካለች ቃሏ ይሰማል፤ በደመወዝና በእረፍት ጉዳይ ልታማልድሽ ትችላለች። ድብደባ ወይም የክብር መደፈር ካለ ግን ሽምግልና አይበቃም፤ እርዳታ ጥሪ።

ምን እናድርግ?

1. እንደደረሳችሁ የመንደሩን ስም ጠይቁ። ልጆች ይነግሯችኋል፦ «ሹ ኢስም ሃዳይዓ?»
2. ሦስት ስም ያዙ፦ መንደሩን፣ ወረዳውን (ቀዳ) እና ክፍለ ሀገሩን። የሄርሜል ወረዳ በበዓልቤክ-ሄርሜል ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው።
3. አንድ ምልክት ያዙ፦ ወንዝ፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት፣ ባላዲየ (ማዘጋጃ ቤት)።
4. ይህን ሁሉ ለምታምኗት እህት ላኩላት፤ በስልካችሁ ሎኬሽን መላክ ከቻላችሁም ላኩ።
5. የፖሊስን ቁጥር 112 እና የቀይ መስቀልን 140 በቃላችሁ ያዙ።
6. ብቻችሁን በሌሊት ወደ ተራራው አትውጡ። ቤት ከቤት ይራራቃል፤ በክረምት በረዶ አለ፤ ድንበሩም ቅርብ ነው። ሕይወታችሁ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ወደ ዋናው መንገድና ሰው ወዳለበት ሂዱ።

እንወያይበት

- አሁን ያለሽበትን ቦታ ሦስት ስም መናገር ትችያለሽ?
- ካለሽበት ቤት ፀሐይ በየት በኩል ትወጣለች? ባሕሩስ በየት ነው?
- በምትሠሪበት ቤት ቃሉ የሚሰማ ማን ነው?

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያለሽበትን ያውቃል። እኛ ደርሰን እንድንረዳሽ ግን አንቺም ማወቅ አለብሽ። ዛሬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት የመንደርሽን ስም ጻፊ።