ለጥልፍ የወጥ ቤት ፎጣ የጨርቅ አመራረጥ

የወጥ ቤት ፎጣ ሁለት ግዴታ አለበት፤ ማማር ብቻ ሳይሆን ውሃ መጠጣትም ይኖርበታል። በመሰላም ሆነ በጭሮ ገበያ ጨርቅ የምትመርጥ ጠላፊ በመጀመሪያ የምታየው ንጣቱን፣ ልስላሴውንና ዋጋውን ነው። ይሁንና ብዙ ቀናት የፈጀ ጥልፍ ዕቃ በማያደርቅ ጨርቅ ላይ ካረፈ ድካሙ ለጌጥ ብቻ ይቀራል፤ ገዢም ዳግመኛ አይመለስም። ስለሆነም የጨርቁን ጠባይ መርፌ ከመያዛችን በፊት እንዴት እንደምንለይ እንመልከት።

ውሃ ወደ ጨርቅ የሚገባው በክሮችና በቃጫዎች መካከል ባሉ ቀጫጭን ክፍተቶች ነው። የኩራዝ ክር ጋዝ ወደ ላይ የሚስበውም በዚሁ ሕግ ነው። ውሃ በሚገባ በሚያርሰው፣ ራዲየሱ 0.5 ሚሊሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣል፤ ራዲየሱ 0.05 ሚሊሜትር ሲሆን ግን 29 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ነገር ግን ክፍተቱ በጠበበ መጠን የውሃው ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ድርና ማጉ እጅግ የታፈነ ጨርቅ ዘግይቶ ይጠጣል፣ መርፌም ያስቸግራል፤ እጅግ የሳሳው ደግሞ ጥልፉን መሸከም ያቅተዋል። መካከለኛው ይመረጣል።

የክሩም ዓይነት ወሳኝ ነው። የአየር እርጥበት 65 በመቶ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ቦታ ጥጥ የክብደቱን 8 በመቶ ያህል እርጥበት ከአየር ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ከጨርቁ ጠርዝ ጥቂት ክር መዝዘን ብናቃጥል ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይተዋል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ይጠጥራል።

ንጹሕ ጥጥ ቢሆንም አዲስ አቡጀዲ ውሃን ሊገፋ ይችላል። ምክንያቱ ጥሬ ጥጥ በተፈጥሮው ሰም ያለው መሆኑና ድሩ በሽመና ጊዜ እንዳይበጠስ በስታርች መጠንከሩ ነው። መፍትሔው በሳሙና መቀቀል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በሆነችው ጭሮ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም፣ የጥጥ ሰም 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሚቀልጥ ይህ በቂ ነው። ቅቅሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጨርቁ የሚሸበሸበውን ያህል አስቀድሞ ስለሚሸበሸብ ጥልፉ በኋላ አይጨማደድም።

ከታጠበና ከደረቀ በኋላ አንድ ጠብታ ውሃ እናሳርፍበት። በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ከሰረገ ጨርቁ ለሥራ ዝግጁ ነው፤ እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ከቆየ ቅቅሉ ይደገም። ባለቀለሙን የጥልፍ ክርም አርሰን በነጭ ቁራጭ ጨርቅ ብንጫነው ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ይታወቃል።

በመጨረሻም የጥልፉን ቦታ እንወስን። ጥቅጥቅ ያለ ጥልፍ የጨርቁን ክፍተቶች ስለሚደፍንና ዘግይቶ ስለሚደርቅ ወደ ጠርዙ ቢሆን ይመረጣል፤ መካከሉ ለውሃው ይተው።