አባ ሳሙኤል፤ የብርሃንና የወንዝ ሒሳብ

ማታ ለጥናት ስንቀመጥ መብራቱን እናበራለን እንጂ ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚመጣ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ጥያቄው ግን ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም፤ የታሪክንና የኅብረተሰብን ጥናት ተማሪም ይመለከታል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ከአዲስ አበባ በታች በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ ነው።

አባ ሳሙኤል በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። የተሠራው በ1930ዎቹ ሲሆን (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኃይሉ 6.6 ሜጋዋት ነበር። በ1960 ሥራ የጀመረው ቆቃ 43.2 ሜጋዋት፣ በ2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋዋት መሆኑን ስናስብ፣ አባ ሳሙኤል ከቁጥር የማይገባ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቆቃ ከመሠራቱ በፊት ለአዲስ አበባ የውሃን ጕልበት ወደ ብርሃን የለወጠላት እርሱ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ግድቡ የክረምቱን ውሃ ያቁራል፤ ውሃው በቧንቧ ቁልቁል ሲለቀቅ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑም ጄኔሬተሩን ያዞራል። ኃይሉን የሚወስኑት የውሃው ብዛትና የሚወርድበት ከፍታ ናቸው። በየሴኮንዱ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 10 ሜትር ቢወርድ፣ በማሽኑ ውስጥ የሚባክነው ሳይቀነስ፣ 98 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል። አቃቂ በክረምት ሞልቶ በበጋ ስለሚጎድል፣ ገበሬ ያለ ጎተራ እንደማይከርም ሁሉ ማመንጫውም ያለ ማከማቻ አይዘልቅም።

እንግዲህ ጎተራው በአፈር ቢሞላስ? የአባ ሳሙኤል ዕጣ ይኸው ሆነ። ከተራቆተው መሬት የታጠበው ደለል ገባበት፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን የቤትና የፋብሪካ ቆሻሻ ተሸክመው እዚያው ይገናኛሉ፤ እምቦጭም የውሃውን ፊት ወረሰው። ማመንጫው በ1970ዎቹ ሥራ አቆመ፤ በቻይናውያን መሐንዲሶች ታድሶ በ2016 እንደገና ተነሣ። ማሽኑ ታደሰ፤ ወንዙ ግን አልታደሰም።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ብርሃኑ ወደ ከተማ ወጣ፤ የከተማው እድፍ ግን ወደ ታች ወረደ። በወንዙ ዳር ያለው ገበሬ በዚያው ውሃ አትክልቱን ያጠጣል፤ ከብቱም ከዚያው ይጠጣል። አትክልቱ ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። አቃቂም ወደ አዋሽ ስለሚገባ ደለሉ ቆቃን አይምርም።

ስለዚህ የግድብን ጥቅም በሜጋዋት ብቻ የሚለካ ሰው ሒሳቡን ግማሽ መንገድ ላይ ትቶታል። ከግድቡ በላይ ያለው መሬት ዛፍ ካልለበሰ፣ ፋብሪካውም ፍሳሹን ሳያጣራ መልቀቁን ካላቆመ፣ ማሽን መለወጥ ብቻውን አይበቃም። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን ስለ ልማት የምንወስነው እኛ ነንና፣ ይህን ሒሳብ ከአሁኑ እንማረው።